ሰዓት በሰዓት የተለወጠው ሬዲዮ፦ ስለ አዲስ አበባ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች

(በወመዘክር፣ ማለትም በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አዳራሽ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችና ለሬዲዮ አድማጮች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የመጣሁት ስለ ሬዲዮ ላወራችሁ ነው። በተለይ ስለ ኤፍ ኤም። ከዚያም ውስጥ ስለ አንድ ጥያቄ። በከተማችን አንድ ጣቢያ ጠባዩን የሚቀይረው እንዴት ነው?

በብዙ አገር ነገሩ ግልጽ ነው። ባለቤቱ ይወስናል። ሲሶው ሠራተኛ ይሰናበታል። ትናንት ማታ ሙዚቃ ሲያጫውት ያመሸ ጣቢያ ዛሬ ጠዋት ስፖርት ብቻ ይሆናል። አድማጩ ይቆጣል፣ ጋዜጣ ይጽፋል፣ ቀኑ በታሪክ ይመዘገባል።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቀን ብትፈልጉ ብዙም አታገኙም። የእኛ ኤፍ ኤም የሚለወጠው ሰዓት በሰዓት ነው። የማክሰኞ ከሰዓት አንዷ ሰዓት ትነሳለች፣ ሌላ ትገባለች። ከጥቂት ወር በኋላ የሐሙስ ምሽት ይቀየራል። ከዚያ እሁድ ጠዋት። አራት አምስት ዓመት ቆይታችሁ ስትከፍቱት ስሙ ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው፣ የምትሰሙት ግን ሌላ ጣቢያ ነው። መቼ ተቀየረ ብትሉ ማንም ቀኑን አይነግራችሁም።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። ተባባሪ አዘጋጅ ነበርኩ። የአየር ሰዓት ተከራይቼ፣ ስፖንሰር ለምኜ፣ ዝግጅቴን ይዤ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ የዞርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ አብዛኛውን የማወራችሁ ከስቱዲዮው በር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በአንድ ጀምበር የተለወጠ ሬዲዮ በአገራችን ጭራሽ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበረ። ያን ጊዜ ግን የሚቀይረው ገበያ ሳይሆን መንግሥት ነው።

ሬዲዮ በኢትዮጵያ የተጀመረው ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ ከአቃቂ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን ትቼ ወደ 1967 ልዝለል። መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረዳቸው በሬዲዮ ተነገረ። በዚያው ዓመት ኅዳር የ60ዎቹ ባለሥልጣናት መገደል የተሰማው በዚሁ ሬዲዮ ነው። ወላጆቻችን እስከ ዛሬ የማርሽ ሙዚቃ በሬዲዮ ሲሰሙ ቆም የሚሉት ወደው አይደለም። ሙዚቃው ከተቀየረ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነበር።

ከዚያ ደግሞ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ አለ። የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ያቋቋመው፣ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ጣቢያ ነው። ሁለት 100 ኪሎዋት ማሰራጫ ነበረው። በአጭር ሞገድ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አፍሪካንና እስያን ያዳርስ ነበር። ስሙን የሰማ ሰው ቀኑን ሙሉ ስብከት ይመስለዋል። ግን ዜናው፣ የጤና ትምህርቱ፣ የገበሬው ዝግጅት ከስብከቱ ይበልጥ ነበር። በመጋቢት 1969 ደርግ ወረሰው። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ማሰራጫው ያው ነው፣ ሕንፃው ያው ነው። ባለቤቱ፣ ስሙና ዓላማው ግን በአንድ ቀን ተገለበጡ። ፎርማት፣ ማለትም የጣቢያው ጠባይና የዝግጅቱ ዓይነት፣ ተቀየረ የሚባለው ነገር በትክክል የደረሰበት ጣቢያ ካለ እሱ ነው።

በ1983 ግንቦት 20 ጠዋት ደግሞ የኢትዮጵያ ሬዲዮ እንደገና ሌላ ሆኖ አደረ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሬዲዮ ሥር ያልተቀመጠ ቤተሰብ በዚህ ከተማ ማግኘት ከባድ ነው። ድምፁ አዲስ፣ ቃላቱ አዲስ።

ስለዚህ ያ ትውልድ የሚያውቀው ለውጥ በር ላይ ወታደር ቆሞ የሚመጣውን ነው። እኔ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለመጣው፣ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚሠራው ለውጥ ነው።

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ልጅ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሥር ነው። በዚያ ዘመን የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከተማው ውስጥ ሌላ ኤፍ ኤም አልነበረም። ሬዲዮ ገዝተህ ኤፍ ኤም የሚለው ላይ ብታደርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሹክሹክታ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሰው ይናገራል።

እዚህ ላይ ስለ ሞገዱ ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ ይመለሳል፣ አህጉር ያቋርጣል። ኤፍ ኤም እንደዚያ አይደለም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ተራራ ሲያገኝ ይደክማል። ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄዱ መንገድ ላይ መንሾካሾክ ይጀምራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። ለእኛ ግን ትልቁ ነገር ይህ ነበር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ አንድ ቃል ሲናገር ሞያሌም ጎንደርም እየሰማ ነው። ስለዚህ የሁሉንም ልብ ጠብቆ፣ ረጋ ብሎ፣ መደበኛ በሆነ አማርኛ ነው የሚናገረው። 97.1 ግን ከከተማው ውጭ የሚሰማው ስለሌለ ስለ አራት ኪሎ መንገድ መዘጋት ማውራት ይችላል። መርካቶ ስለ ሽንኩርት ዋጋ። የትኛው ሰፈር ውኃ እንደጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮ ለአገር ሳይሆን ለሰፈር አወራ።

ታክሲው ወዲያው ተቀበለው። ከዚያ በፊት በውይይትም በሚኒባስም የሚሰማው ካሴት ነበር። ሹፌሩ ሦስት አራት ካሴት አለው፣ እሱኑ ከጠዋት እስከ ማታ ያመላልሰዋል። ኤፍ ኤም ሲመጣ ካሴቱ ቦታውን ለቀቀ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከመገናኛ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስንት ሰው አንድ ነገር አብሮ እንደሚሰማ አስቡት። ማስታወቂያ አስነጋሪዎችም ይህንኑ አስበዋል።

እና ቀስ ብሎ ጥያቄው መጣ። ይህን ሁሉ ሰዓት ማን ይሙላው? ጣቢያው በደመወዝ የያዛቸው ጋዜጠኞች ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት መሙላት አይችሉም። ስለዚህ ሰዓቱ ለውጭ አዘጋጆች መሰጠት ጀመረ። ተባባሪ አዘጋጅ የተባለው ሰው እዚህ ጋ ተወለደ። ጣቢያው አየር ይሰጣል። ተባባሪው የአየር ሰዓቱን ይከፍላል፣ ዝግጅቱን ይሠራል፣ ስፖንሰር ይፈልጋል። ከስፖንሰር የመጣው ከኪራዩ ከተረፈ ደመወዙ ነው። ካልተረፈ ከኪሱ ይሞላል።

ይህን አሠራር የሚነቅፍ ብዙ ሰው አለ። ጣቢያን እንደ ጉልት በየመደቡ ማከራየት ነው ይላሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በዚያ መደብ ላይ ባይሆን ኖሮ ዛሬ የምናውቃቸው ብዙ ድምፆች አይሰሙም ነበር። ትልቁን ማስረጃ ልንገራችሁ።

መዓዛ ብሩ፣ አበበ ባልቻና ባልደረቦቻቸው በ97.1 ላይ የሳምንት መጨረሻ ዝግጅት ነበራቸው። ሸገር ይባል ነበር። ሰው ቅዳሜን እየጠበቀ ያዳምጠው ነበር። እንግዳ ይጋበዛል፣ ይጫወታል፣ ማንም ከአፉ አይነጥቀውም። ያቺ የተወሰነች ሰዓት በኋላ ምን ሆነች? ራሷ ጣቢያ ሆነች። በ1998 ዓ.ም. ለግል ኤፍ ኤም ፈቃድ ሲሰጥ ካገኙት ሁለት ድርጅቶች አንዱ የእነሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 አየር ላይ ወጣ፤ የመጀመሪያው የግል ኤፍ ኤም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። የግል ሬዲዮ በሕግ የተፈቀደው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ እስኪሰጥ ሰባት ዓመት ሄደ። የግል ጋዜጣ ግን ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ወዲያው ነው የፈላው። በዚያ ሁሉ የጥበቃ ዘመን የግሉ ሬዲዮ የኖረው በመንግሥት ጣቢያ ውስጥ በተከራየ ሰዓት ሆኖ ነው። ይህን ስትረዱ ነው ተባባሪ አዘጋጅነት ምን ያህል ከባድ ታሪክ እንዳለው የሚገባችሁ።

ሌላም የጊዜ ግጥምጥሞሽ አለ። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ተዘግቶ ነበር። እንደገና የተከፈተው ልክ በሚሌኒየሙ መባቻ ነው። አዲሶቹ ጣቢያዎች አየር ላይ ሲወጡ አድማጩ በእጁ መልእክት መላክ ጀመረ። ከዚያ በፊት አድማጭ ማለት የመስመር ስልክ ያለው፣ መስመሩ እስኪከፈት ደጋግሞ የሚደውል፣ ወይም ደብዳቤ በፖስታ ሳጥን የሚልክ ሰው ነው። አሁን በታክሲ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ፣ በሌላ እጁ ሙዚቃ ይመርጣል። የሬዲዮው ፍጥነት ራሱ ተቀየረ። አንድ ሐሳብ ጀምረህ ሳትጨርስ መልእክቱ ይዘንባል፣ እሱን ማንበብ አለብህ። እኔ ከዚያ በኋላ ረጅም ታሪክ ሳላቋርጥ መተረክ እየከበደኝ መጣ።

አሁን ስለ አንድ ሬዲዮ ልንገራችሁ። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ አንዲት ፀጉር ቤት ነበረች። አስተካካዩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መስታወቱ ጥግ ላይ መርፌ ያለው አሮጌ ሬዲዮ ነበራቸው። የሬዲዮው ፊት ላይ፣ ቁጥሮቹ መሀል፣ በቀይ ኩቴክስ አንዲት ነጥብ ተደርጎበታል። 97 ላይ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ልጆቹ መርፌዋን ያንቀሳቅሱብኛል፤ ዓይኔ ደግሞ ቁጥሩን አያይልኝም» አሉኝ። ከሚሌኒየሙ በኋላ ስሄድ ሁለተኛ ነጥብ ተጨምሯል፣ 102 አለፍ ብሎ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሦስተኛ፣ የኳስ ማታ የሚከፍቱት። ቅዳሜ ጠዋት ይቺኛዋ፣ ማታ ያቺኛዋ፣ ጨዋታ ሲኖር ሦስተኛዋ። ከነጥቦቹ መሀል ምን እንዳለ አያውቁም፤ ማወቅም አልፈለጉም።

አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ደንበኛ ገባ። «ጋሼ የየትኛው ጣቢያ ሰው ነዎት?» አላቸው። «የማንም አይደለሁም። እኔ የሰዓቴ ሰው ነኝ» አሉት። መላጩን እንኳ አላቆሙም። ይህ መልስ ለዓመታት ስሠራው ስለነበረው ሥራ የነገረኝ ብዙ ነው። እኛ ጣቢያ ጣቢያ እንላለን። ሰውየው ግን የሚከተሉት የሚወዱትን ድምፅ ነው። ድምፁ ሲዛወር ኩቴክሱን ይዘው አብረውት ይዛወራሉ። ዝግጅት ተነስቶ ሌላ ጣቢያ ሲገባ የሄደው ዝግጅቱ ብቻ አይደለም። የለቀቀውም ጣቢያ፣ የተቀበለውም ጣቢያ ትንሽ ትንሽ ሌላ ሆነዋል።

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ መርፌው በየቦታው የሚቆምበት ሆነ። ዛሚ 90.7 መጣ። ሚሚ ስብሐቱ ከአሜሪካ ድምፅ ተመልሳ ያቋቋመችው ነው። በየሳምንቱ የጋዜጠኞች ክብ ጠረጴዛ ነበረው፤ የሚስማማም የሚናደድም ሰው ያዳምጠው ነበር። ዛሬ በዚያው ቁጥር ላይ የምትሰሙት አዋሽ ይባላል። ፋና በ1987 ዓ.ም. በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ የጀመረ ነው፤ 98.1 ላይ የከተማ ጣቢያ ሲሆን ግን ከትራፊክ እስከ ሙዚቃ ምርጫ የከተማ ቋንቋ መማር ነበረበት። የከተማው አስተዳደር 96.3ን ያዘ። አፍሮ 105.3 በውጭ ቋንቋዎች ጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 99.4 አለ። ብስራት 101.1 በስፖርት ስሙ ገነነ። አባይ 102.9፣ ኢትዮ 107.8፣ አሐዱ 94.3፣ ትርታ 97.6 ተከተሉ።

ሸገር ግን በብዛቱ ውስጥ አልተዋጠም። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። አንዱ ምክንያት ይመስለኛል ሰዓቱን ለመደብ አለማብዛቱ ነው። የጨዋታ እንግዳው ለሳምንታት ይቀጥላል። አንድ ሽማግሌ ስለ ልጅነታቸው ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያወራሉ። የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» የተባለው ዝግጅት የዓለም ታሪክን ተረጋግቶ ይተርካል። አንዷለም ተስፋዬ በሸገር ሼልፍ መጽሐፍ ያነባል። መጽሐፍ በሬዲዮ ማንበብ ደግሞ ከጥንት የወረስነው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነብ የሰማ ሰው በዛብህን የሚያስበው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ያንን ክር ያልበጠሰ ጣቢያ መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ። ተማሪዎች እዚህ ላይ ማስታወሻ ብትይዙ ደስ ይለኛል። የጣቢያዎቻችንን ጠባይ የቀየረው ከሁሉ በላይ ይህ ነውና።

ተባባሪ አዘጋጅ ፕሮፖዛል ይጽፋል። በፎልደር ይዞ ከማርኬቲንግ ክፍል ወደ ማርኬቲንግ ክፍል ይዞራል። ነገ ተመለስ ይባላል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። አንዳንዴ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ «ስለ ምን ታወራላችሁ?» ሳይሆን «ኳስ አለበት?» የሚል ነው። እኔ የማዘጋጀው ስለ መጻሕፍትና ስለ ድሮ ሰፈሮች ነበር። ኳስ አልነበረበትም።

በዚያ ዘመን ዋናው ስፖንሰር ቢራ ነው። የቢራ ፋብሪካዎቹ የገበያ ፉክክር ጦፎ ነበር። የስፖርቱን ዝግጅት፣ የመዝናኛውን፣ የኮንሰርቱን፣ የምሽቱን ጨዋታ ያቆመው የቢራ ገንዘብ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በአማርኛ በቀጥታ ማስተላለፍ የከተማው ሬዲዮ ትልቁ ሥራ የሆነው በዚህ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት መግባት ያልቻለ ዘበኛ፣ ሱቅ ጠባቂ፣ ሹፌር ጨዋታውን በጆሮው ያያል። ይህን አልነቅፍም። በደንብ ሲሠራ እንዴት እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ደምሴ ዳምጤን የሰማ ትውልድ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ነው፤ ከስሙ ሬዲዮን የሚነካ አይመስልም። ግን የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከለከለ። ለጤና ሲባል የወጣ ሕግ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ሕፃናት የቢራ ዘፈን ከሀ ሁ ቀድመው ሲሸመድዱ አይቻለሁ። በሬዲዮ ሰሌዳ ላይ ያደረገው ግን ይህ ነው፦ ስፖንሰሩ የሄደበት ሰዓት ባዶ ሆነ። ባዶውን የሞላው ሌላ ከፋይ ነው። ባንክ፣ ሪል ስቴት፣ የስፖርት ውርርድ ቤት። ከፋዩ ሲለወጥ ወሬውም ይለወጣል። ቢራው ጭፈራና ቀልድ ይወድ ነበር። ባንኩ የቁጠባ ምክር ይወዳል። ውርርድ ቤቱ ጭራሽ የኳስ ውጤት ግምት እንጂ ሌላ አይፈልግም።

ስንት ጣቢያ ነው ያን ዓመት «ፎርማት ቀይረናል» ብሎ ያወጀው? ማንም አላወጀም። ሰሌዳው ግን ተቀይሯል።

ከ2010 በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፖለቲካ ከየአቅጣጫው ገባ። ጠዋት የጋዜጣ ዳሰሳ፣ ቀን ውይይት፣ ማታ ትንታኔ። መጀመሪያ ላይ ደስ አለን። ያልተወራ ነገር ሁሉ ሲወራ ሰምተን አናውቅም ነበር። ከዚያ አገሩ ሲታመም የሬዲዮው ወሬም ከበደ። ብዙ አድማጭ ወደ ሙዚቃና ወደ ትረካ የሸሸው ያኔ ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ሬዲዮ የሂሳብ መምህር ሆነ። ከዚያም ዩቲዩብ። ዛሬ ተባባሪው አዘጋጅ ስቱዲዮ የሚገባው ካሜራ ይዞ ነው። አየር ላይ የሚሄደው ሰዓት ለስሙ ነው፤ ገንዘቡን የሚጠብቀው ከቪዲዮው ነው። አንዳንዱ እንግዳ ሬዲዮ ላይ መሆኑን ረስቶ በእጁ ሲያሳይ ትሰሙታላችሁ። «ይሄውላችሁ፣ ይህን ያህላል» ይላል። ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሆነ አያይም።

የራሴን ዝግጅት መጨረሻ ልንገራችሁ። የት ጣቢያ እንደሆነ አስፈላጊ አይደለም። የኪራዩ ዋጋ ጨመረ፣ ስፖንሰሬ ውሉን አላደሰም። አንድ ሳምንት ላይ ሰዓቱ ለሌላ ተሰጥቷል ተባልኩ። ለአድማጭ የመሰናበቻ አምስት ደቂቃ ለመንኩ። ሰሌዳው ሞልቷል አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያች ሰዓት የሌላ ሰው መግቢያ ሙዚቃ ተሰማ።

ተባባሪ ሆናችሁ የሠራችሁ ይህን በር ታውቁታላችሁ። ስቱዲዮው መስታወት ኋላ ቴክኒሻኑ ጣቱን ያነሳል፤ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል ማለት ነው። በሩ ላይ የሚቀጥሉት አዘጋጆች ወረቀታቸውን ይዘው ቆመዋል። ገና እያወራህ የጆሮ ማዳመጫውን ለማውለቅ ትዘጋጃለህ። መዝጊያ ሙዚቃህ ዝቅ ይላል፣ የእነሱ ከፍ ይላል። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። አድማጩ ከዚያ መሀል የሚሰማው አንድ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

በኋላ አንዲት እናት ፒያሳ ላይ ድምፄን አውቀው አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ታመህ ነው ብዬ ስጸልይልህ ነበር» አሉኝ። ጣቢያው ምንም ስላልነገራቸው የመጣላቸው ምክንያት ሕመም ነው። ምን ልበላቸው? የስፖንሰር ውል ብዬ ልጀምር? እጃቸውን ስሜ ደኅና ነኝ አልኳቸው።

ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ሰዓት መቀየሩ አይደለም። ሰዓት ይቀየራል፤ አዲስ ሰው ይምጣ፣ አዲስ ድምፅ ይሰማ። የሚያንገበግበኝ የነበረው እንዳልነበረ መሆኑ ነው። አድማጩ አይነገረውም፣ ዝግጅቱም አይቀመጥም።

አሁን ያለንበትን ቤት አስቡት። እዚህ ወመዘክር ውስጥ የድሮ ጋዜጦች አሉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመ ጋዜጣ ነው። ተመራማሪ መጥቶ የድሮ ቅጽ አውጡልኝ ብሎ የሲኒማ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ላም ማስታወቂያ፣ የጨረታ ዋጋ ያነባል። ጋዜጣው ስሙን፣ ዋጋውን፣ ዓምዱን መቼ እንደቀየረ በእጁ ገልጦ ያያል። አሁን ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ በ1995 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በ97.1 ላይ ምን ይተላለፍ ነበር? ማን ያውቃል? ድምፁ የት አለ?

ብዙው የለም። በእኔ ዘመን የምንቀዳው በካሴትና በሚኒዲስክ ነበር። ሚኒዲስክ ውድ ነው። የተላለፈውን ሳምንት ላይ ደርበን የሚቀጥለውን እንቀዳ ነበር። ሁላችንም እንዲያ ነው የሠራነው። ጣቢያው ዝግጅቱ የተባባሪው ነው ይላል፤ ተባባሪው አየሩ የጣቢያው ነው ይላል። መሀል ላይ ድምፁ ይጠፋል። የተረፈው በአዘጋጆች ቤት፣ በሣጥን፣ በፍላሽ፣ በተሰበረ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ስንት የካሴት ካርቶን አብሮ እንደተጣለ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። እቃ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጣለው ማንም የማያጫውተው ካሴት ነው።

ስለዚህ ለዛሬ የመጣሁበትን ልናገርና ጥያቄያችሁን ልስማ።

የድሮ ሬዲዮ የቀዳ ካሴት ቤታችሁ ያለ፣ እባካችሁ አትጣሉት። ልጆቻችሁ ዘፈን በቀዱበት ካሴት መሀል እንኳ የጣቢያ ማስታወቂያ፣ የሰዓት መግለጫ፣ የአንድ አዘጋጅ ድምፅ ሊኖር ይችላል። ሙሉ ዝግጅት ባይሆንም ይጠቅማል። ሽፋኑ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ዓመቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የጣቢያውን ቁጥር፣ የሚናገረውን ሰው ስም። ዓመቱን በትክክል ካላስታወሳችሁ ማስታወቂያውን አዳምጡ። የቢራ ማስታወቂያ ካለበት በ2011 ወይም ከዚያ በፊት ነው። አጭር መልእክት ላኩልን የሚል ካለ ከሚሌኒየሙ በኋላ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ጣቢያ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ሳምንታዊ የፕሮግራም ሰሌዳውን አትጣሉ። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን አንድ ገጽ ወረቀት ማለቴ ነው። አዲስ ሲለጠፍ አሮጌውን ቀን ጽፋችሁበት አንድ ፋይል ውስጥ አስገቡ። ጣቢያችሁ እንዴት እንደተለወጠ ከዚያ ፋይል በላይ የሚናገር ሰነድ የለም። አንድ ዝግጅት ሲነሳም ለአዘጋጁ አምስት ደቂቃ ስጡት። የት እንደሚሄድ ይናገር፣ ቁጥሩን ይንገራቸው፤ አድማጭ ይቀራል ብላችሁ አትፍሩ። ጋሼ ኩቴክስ የሚያስቀምጡት ብትነግሯቸውም ባትነግሯቸውም ነው። ልዩነቱ ሲነገራቸው ቶሎ ያገኙታል።

ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለጠፋችሁ አንድ አለኝ። አንድ ጣቢያ ምረጡ። አንዲት ሰዓት ብቻ ውሰዱ፤ ለምሳሌ የእሁድ ጠዋት 3 ሰዓትን። ከተከፈተበት ቀን እስከ ዛሬ በዚያች ሰዓት ማን ተቀመጠ፣ ማን ከፈለ፣ ለምን ተነሳ? አዘጋጆቹ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ ስልክ ያነሳሉ፣ ማውራትም ይወዳሉ። እኔ ከመካከላቸው ስድስት ሰባቱን አገናኛችኋለሁ፤ ስትወጡ ስማችሁን በር ላይ ላለችው ልጅ አስመዝግቡ።